ሁለት ፊደል በአንድ ገበታ፦ ለኮምፒውተራችን ዴስክቶፕ ስለመምረጥ

(በከሚሴ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የመጣሁበት ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ወይም ሊጭን ያሰበ ሰው ከብዙዎቹ የዴስክቶፕ ዓይነቶች የትኛውን ይያዝ? ብዙ ሰው ይህን የቴክኒክ ልጆች ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የእናንተ የራሳችሁ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። የጫነው ልጅ ጭኖ ይሄዳል፤ ከምርጫው ጋር የሚውለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ነው። ስለዚህ ምርጫው መሰፋት ያለበት በተቀማጩ ልክ ነው፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ ይወጣል። በመጀመሪያ ዴስክቶፕ ምን እንደሆነና ምርጫው ከየት እንደመጣ እናገራለሁ። ቀጥዬ ስለ አሮጌ ማሽኖቻችን አቅም ጥቂት እላለሁ። ረጅሙን ጊዜ የምወስደው በሦስተኛው ላይ ነው፤ እሱም በአንድ ገበታ ላይ ቁቤንም የግዕዝ ፊደልንም መጻፍ ያለበት የዚህ አገር ሰው ጉዳይ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ኮምፒውተር ስትከፍቱ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ነገር ሁሉ፣ ከታች የተዘረጋው ረድፍ፣ ፕሮግራም የሚፈለግበት ሜኑ፣ የመስኮቱ ጠርዝና መዝጊያው ምልክት፣ ፎልደር የሚከፈትበት መንገድ፣ ሰዓቱ፣ የድምፁና የዋይፋዩ ምልክት፣ አንድ ላይ ዴስክቶፕ ይባላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሥር ነው። ቤት ብንለው ሲስተሙ መሠረቱና ግድግዳው፣ የመብራትና የውኃ መስመሩ ነው፤ ዴስክቶፑ ደግሞ የሳሎኑ አደረጃጀት ነው፤ መደቡ በየት በኩል እንደሆነ፣ ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ ሲገባ በየት እንደሚያልፍ። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ይመጣሉ። ሊኑክስ ላይ ይለያያሉ። መሠረቱ ሳይነካ ሳሎኑን እንደገና ማደራጀት፣ ካልተስማማም መልሶ መለወጥ ይቻላል፤ የጻፋችሁት ደብዳቤ፣ ያስቀመጣችሁት ፎቶ ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፍርሃት እንዳይገባችሁ ነው። ዴስክቶፕ መምረጥ ትዳር አይደለም፤ ዛሬ የያዛችሁትን በሚቀጥለው ሳምንት ብትተዉት ማንም አይጎዳም።

አንድ የዘመን ግጥጥሞሽ ልንገራችሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ ተማሪ ሊኑክስን መሥራት መጀመሩን ለዓለም ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጉባኤ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ያ ተማሪ ስለ ቁቤ አልሰማም፤ ጉባኤተኞቹም ስለ እሱ አልሰሙም። ዛሬ ግን ሁለቱ ከሚሴ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ተገናኝተዋል። እመለስበታለሁ።

የሊኑክስ የመጀመሪያ ዓመታት ገጽታ የተዘበራረቀ ነበር። አንዱ ፕሮግራም የሚዘጋበት መንገድ ለሌላው አይሠራም ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 1989 ዓ.ም ማቲያስ ኤትሪሽ የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ኬዲኢ የተባለውን ሥራ አብረውት የሚሠሩ ሰዎችን ጠራ። በጥሪው ውስጥ ደጋግሞ ያነሣው ነጥብ ልቤን ይነካዋል፦ የምንሠራው ለሲስተም አስተዳዳሪው አይደለም፣ ለተጠቃሚው ነው ይላል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሚጌል ደ ኢካዛና ፌደሪኮ ሜና የተባሉ ሜክሲኮአውያን ኖም የሚባለውን ጀመሩ፤ ምክንያታቸው ኬዲኢ የቆመበት መሣሪያ በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነፃ አለመሆኑ ነበር። ኦሊቪዬ ፉርዳን የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢን በዚያው ሰሞን ማበጀት ጀመረ። ሦስቱም ዛሬ ድረስ በሕይወት አሉ፤ ሦስቱም በእኛ አቆጣጠር የ1989 አካባቢ ልጆች ናቸው።

ታሪኩን ሁሉ አልተርክም፤ አንድ ነገር ግን ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኖም ሦስተኛውን ትውልዱን ሲያወጣ የለመድነውን ሳሎን ገለበጠው። የታችኛው ረድፍ ጠፋ፣ ሜኑው ጠፋ፣ መስኮት ዝቅ ማድረጊያዋ ሰረዝም ቀረች። በዚያው ዓመት ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ስሪት የራሱን ዩኒቲ የተባለ ገጽታ መደበኛው አደረገ፤ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ትቶት ወደ ኖም ተመለሰ። የተቃወሙት ዝም አላሉም። አንዳንዶቹ አሮጌውን ኖም ማቴ በሚል ስም አቆዩት፤ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሌላ ስሪት የሚያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ በአዲሱ መሠረት ላይ የድሮውን አደረጃጀት የያዘ ሲናሞን የሚባል ሠሩ። እኔ ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር አለመለወጥም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ነው። ማመልከቻ ጽፎ ለሚያድር ሰው፣ ትናንት የነበረው ቁልፍ ዛሬም እዚያው መገኘቱ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል። ኤክስኤፍሲኢን ከምወድባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው፤ ከዓመት ዓመት ብታዩት የምታውቁት ሰው ነው።

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለችበት። እ.ኤ.አ. በ2008 አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው፣ ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚባለው ፕሮጀክት የተሠሩ ትናንሽ ኮምፒውተሮች በሺዎች ተቆጥረው ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ፤ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ እጁ ነበረበት። ሜሞሪያቸው 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በላያቸው የሚሠራው ሊኑክስ ሹገር የተባለ ለሕፃናት የታሰበ ዴስክቶፕ ለብሶ ነበር። ሹገር ፎልደር አያውቅም፤ ልጁ የሠራው ሁሉ በቀን ተራ እንደ ማስታወሻ ደብተር ይቀመጥለታል። አንደኛው ገጽ ሰፈር ይባላል፤ በአቅራቢያ ያሉ ልጆች ኮምፒውተሮች በዚያ ላይ ይታያሉ። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ዴስክቶፕ ልጁ ብቻ የሚገባው ሲሆንና መምህሩ ሳይለምደው ክፍል ውስጥ ሲደርስ፣ መምህሩ በራሱ ክፍል እንግዳ ይሆናል። ትምህርት ቤት ላይ ኮምፒውተር የሚተክል ሰው መጀመሪያ መምህሩን ወንበሩ ላይ ያስቀምጥ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ኬዲኢ በተጠራበት ዕለት 29 ዓመት ሲሞላ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወይም የእሱን እኩያ ይጠይቃል። በየጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ከምናያቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ይሠራሉ፤ ቁልፋቸው ደኅና ነው፣ ስክሪናቸው ደኅና ነው፤ ነገር ግን የሚጠግናቸው አጥተዋል። ሊኑክስ ለእነዚህ ማሽኖች ሁለተኛ ዕድሜ ይሰጣቸዋል፤ የዴስክቶፑ ምርጫ ደግሞ ያ ዕድሜ የሰላም ይሁን የስቃይ ይወስናል።

መለኪያው ራም፣ ማለትም ሜሞሪው ነው። የኡቡንቱ አዘጋጆች ኖም ለለበሰው 24.04 ስሪታቸው 4 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋባይት ይነሣል፤ በምቾት ለመሥራት ግን 4 ይመከራል። 2 ጊጋባይት ብቻ ያለው ማሽን ኤክስኤፍሲኢን ይሸከማል፤ ከዚያ ለሚያንሰው ኤልኤክስኪውቲ የሚባል ከዚህም የቀለለ አለ። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ስለ ዴስክቶፕ ክብደት ሲከራከር የሚረሳው ነገር አለ። ዛሬ ሜሞሪውን የሚጨርሰው ብራውዘሩ ነው። ዴስክቶፑን አቅልላችሁ ያተረፋችሁትን ግማሽ ጊጋባይት ፌስቡክና ዩቲዩብ በአንድ ደቂቃ ይወስዱታል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ጥቂት ገንዘብ ካለ፣ ስለ ዴስክቶፕ ከመጨነቃችሁ በፊት አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡበት። ሦስት ደቂቃ ሲያቃስት የነበረ ማሽን በግማሽ ደቂቃ ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ቆላ አየር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ሙቀቱን ይቀንሳል፣ መንገጫገጭም አይጎዳውም።

የኢንተርኔት ጥቅል ውድ ለሆነብን ሰዎች አንድ ማስታወሻ ልጨምር። የሚንት መጫኛ ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ይደርሳል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው በፍላሽ እየገለበጠ ለመቶ ሰው ቢሰጥ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ክራክ መፈለግ፣ ቁልፍ መለመን የለም። ደግሞም ከመጫናችሁ በፊት ከፍላሹ አስነሥታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በባቲ ሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ወዲያና ወዲህ ሳያስኬድ ገንዘብ አይቆጥርም። ፍላሹን ሰክታችሁ፣ ማሽኑን አስነሥታችሁ፣ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መሰማቱን፣ ፕሪንተራችሁ መታወቁን እዩ። በተለይ ፕሪንተሩን! የጽሕፈት ቤት ሕይወት እሱ ነው።

እነሆ ወደ ሦስተኛው ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አንዲት የጽሕፈት ቤት ሥራ የምትሠራ እህታችን አለች። በሯ ከጠዋት ጀምሮ ሰው አያጣውም፤ አቤቱታ የሚያጽፍ፣ የቤት ውል የሚያጽፍ፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ደብዳቤ የሚያጽፍ። ዊንዶውሷ በቫይረስ ሲያስቸግራት ሊኑክስ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ኖም አደረግሁላት፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነበርና፤ ንጹሕና የሚያምር ነው። በሁለተኛው ቀን ደወለችልኝ። “ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝቅ የማደርግባት ሰረዝ የት ሄደች? ሰውዬው ፊቴ ቆሟል፣ የፊተኛውን ወረቀት ማሳየት አለብኝ” አለችኝ። በስልክ አስረዳኋት። በማግሥቱ ስለ ሌላ ነገር ደወለች። ሰረዟን መመለስ ይቻላል፣ ረድፉንም መመለስ ይቻላል፤ በኋላ ሄጄ መልሼላታለሁ። ነገር ግን ጥፋቱ ከሰረዟ በፊት የተሠራ ነበር፤ የእኔን ሳሎን በእሷ ቤት ውስጥ አደራጅቼ ነበር። እሷ ለስምንት ዓመት እጇ የለመደውን መንገድ እኔ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ወደ ኤክስኤፍሲኢ አዞርኳት። ደስ አላት፤ ማሽኑም ፈጠነ። በአራተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣና ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ግን አማርኛ አልጽፍ አለ። ሁሉም ነገር አለ፤ ፊደሉ ብቻ የለም። ምክንያቱን ላስረዳችሁ፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ብዙ አታገኙም።

ቁቤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ገበታው እንዳለ ይበቃዋል። የግዕዝ ፊደል ግን ከገበታው ቁልፎች ቁጥር ይበልጣል፤ ስለዚህ በቁልፉና በስክሪኑ መካከል ቁጭ ብሎ ድምፅን ወደ ፊደል የሚያቀናብር አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ አይባስ የሚባለው ይህን ያደርጋል፤ ኪይማን የሚባለው የፊደል መጻፊያም በእሱ በኩል ይሠራል። ከሚሴ ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስትመቱ ክ ይታያል፤ ከሥሩ መስመር ተሰምሮበት ይጠብቃል። አናባቢውን ስትጨምሩ ከ ይሆናል። ም መጥቶ ሚ ይሆናል። ስ መጥቶ ይጠብቃል፤ ሺፍት ይዛችሁ አናባቢውን ስትመቱ ሴ ይሆናል። ስድስት ምት፣ ሦስት ፊደል። ይህን ሥርዓት በመጀመሪያ ያበጁት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው፤ ሴራ በሚል ስም ነው። ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት በአንድ መዝገብ በሚይዘው በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ከደከሙት አንዱ ናቸው፤ የአማርኛ ትርጉም በኖም ውስጥ ሥር እንዲይዝም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ብዙ ሠርቷል። እኛ ዛሬ በነፃ የምንጽፈው እነዚህ ሰዎች በስደት አገር እንቅልፍ አጥተው ስለሠሩ ነው፤ ስማቸውን ማንሣት ግዴታዬ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ኖም ይህን አይባስ በራሱ ሆድ ውስጥ ይዞታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ከገበታዎቹ ዝርዝር ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመምታት ከቁቤ ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ ቁቤ ትቀያይራላችሁ፤ የትኛው ላይ እንዳላችሁ ከላይ ያለው ምልክት ይነግራችኋል። ኤክስኤፍሲኢና ኤልኤክስኪውቲ ግን ቀለል ለማለት ብለው ይህን ሥራ ለእናንተ ትተውታል። አይባስን ራሳችሁ ትጭናላችሁ፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሳችሁ ታዛላችሁ። ያችን አንድ ትእዛዝ ረስቼባት ነው እህታችን አማርኛ ያጣችው። ኬዲኢም መጀመሪያ ላይ የእጅ ሥራ ይፈልጋል። ሲናሞን ላይ የፊደል መጻፊያውን የምታዘጋጁበት መስኮት አለ፤ አንዴ ከተዘጋጀ አያስቸግርም። እንግዲህ ቀላል የሚባለው ዴስክቶፕ ለማሽኑ ቀላል ቢሆንም፣ ሁለት ፊደል ለሚጽፍ ሰው ከባድ ሊሆን እንደሚችል እዚህ ላይ ታያላችሁ። አንድ ፊደል ብቻ የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች ዴስክቶፕ ሲያወዳድሩ ይህን አይቆጥሩትም።

እዚህ፣ በአማራ ክልል ባለው የኦሮሞ ዞናችን ግን ያለ ሁለቱ መሥራት አይቻልም። የጽሕፈት ቤቱ ራስጌ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ነው። ለዞኑ የሚገባው ደብዳቤ በቁቤ ይጻፋል፤ ወደ ክልል የሚላከው በአማርኛ። ያቺን እህታችንን አጠገቧ ተቀምጬ ስመለከታት በአንድ ማመልከቻ ላይ ስድስት ጊዜ ስትቀያይር ቆጠርኩ፤ የሰውየው ስም በቁቤ፣ ጉዳዩ በአማርኛ፣ የቀበሌው ስም በሁለቱም። እያንዳንዷ መቀያየሪያ ሁለት ጣት ብቻ ካልወሰደች፣ ማውስ ፍለጋ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ማታ ላይ እጇ ይዝላል። መቀያየሪያውን ረስታ ከጻፈች ደግሞ የኦሮምኛው ስም በግዕዝ ፊደል ይወጣና መልሳ ትሰርዘዋለች። ዴስክቶፕ ስትመርጡ ከውበቱ በፊት ይህችን መቀያየሪያ ሞክሩ። የት ናት? በአንድ እጅ ትመታለች? ምልክቷ ከሩቅ ይነበባል?

በቁቤ ከላይ ስለምትሰቀለው ጭረት፣ ስለ ሁዻም አንድ ነገር ልበል። ቃሉን በግዕዝ ፊደል ስጽፈው ዸ የምትባለዋን ፊደል መጠቀሜን አስተውሉ። ይህች ፊደል ለኦሮምኛ ድምፅ ተብላ የተበጀች ናት፤ አፋን ኦሮሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፍ በነበረበት ጊዜ፣ ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የደከሙበት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም፣ የኦሮምኛው ድምፅ ማረፊያ ይፈልግ ነበርና። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉን ስሞክር መጀመሪያ የምጽፋት እሷን ነው፤ ባዶ ሣጥን ከወጣ ፎንቱ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ነፃ ፎንቶች በትክክል ያሳዩአታል። የቁቤዋ ሁዻ ደግሞ፣ ያቺ ጭረት፣ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ በራሷ ወደ ተጠማዘዘ ጥቅስ ትለወጣለች። ለዓይን ብዙም አትለይም። ስም ሲፈለግ ግን አንዱ በቀጥታዋ፣ ሌላው በተጠማዘዘችው ስለተጻፈ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ጭራሽ አይገኝም። ሊብሬ ኦፊስ ውስጥ የራስ ሰር ማረሚያውን ገብታችሁ ይህን አጥፉት። የእንግሊዝኛውን ፊደል አራሚም አብራችሁ አጥፉ፤ የኦሮምኛን ገጽ ከዳር እስከ ዳር በቀይ መስመር አስምሮ የጸሐፊውን ልብ ያወልቃል።

ዴስክቶፕ የማያድናችሁ አንድ ችግርም አለ፤ ሳልነግራችሁ ብሄድ ታዝኑብኛላችሁ። ቀድሞ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል አሮጌ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናሉ፤ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ ናቸውና ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። በኒያላ የተጻፈው ይነበባል፤ ፎንቱ ግን የማይክሮሶፍት ስለሆነ በሌላ ሲተካ ገጹ ይረዝማል፣ የውሉ ፊርማ መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ይንሸራተታል። አሮጌውን ዊንዶውስ ከማጥፋታችሁ በፊት አስፈላጊዎቹን ሰነዶች በፒዲኤፍ አስቀምጡ።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ዊንዶውስ ለለመደ እጅ፣ 4 ጊጋባይት ላለው ማሽን፣ ሲናሞን የለበሰ ሊኑክስ ሚንትን አስቀድማለሁ፤ ሜኑው ከታች በግራ፣ ረድፉ ከታች፣ ሰረዟም በቦታዋ ናት። እህታችንም ዛሬ ያለችው እሱ ላይ ነው። 2 ጊጋባይት ብቻ ካለ ኤክስኤፍሲኢ፤ ግን የጫነላችሁ ሰው ማሽኑን አጥፍቶ፣ አስነሥቶ፣ በፊታችሁ አማርኛ ሳይጽፍ ከቤት አይውጣ። 8 ጊጋባይት ላላቸው፣ የድሮ ልማድ ለሌላቸው ተማሪዎች ኖም መልካም ነው፤ በሁለት ፊደል ለመጻፍም ከሁሉ የቀና እሱ ነው። ኬዲኢን ሁሉንም ነገር በእጁ መቀየር ለሚወድ ሰው እተወዋለሁ።

ስለ ኬዲኢ ካነሣሁ አይቀር፣ በአራተኛው ትውልዱ ዘመን የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ለመላው ኮምፒውተር መምረጥ ይቻል ነበር። ሰዓቱ ላይ ጥቅምትና ኅዳር ይነበብ ነበር። ቀጥሎ በመጣው ትውልድ፣ መሠረቱ ሲቀየር፣ ያ ምርጫ ቀረ። ለምን ቀረ ብሎ የጮኸ ኢትዮጵያዊ ብዙ አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በነፃ ሶፍትዌር ዓለም የሚፈልገው ሰው ድምፁን ያላሰማለት ነገር ይቀራል።

ትርጉሙም እንደዚሁ ነው። ሊብሬ ኦፊስ በአማርኛ ገጽታ ይገኛል፤ የኦሮምኛውም ተጀምሯል። የዴስክቶፖቹ የአማርኛ ትርጉም ግን ገና ጎዶሎ ነው፤ አንዱ ሜኑ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ያለው በእንግሊዝኛ ይወጣል። ለአሁኑ ሊብሬ ኦፊሱን በአማርኛ፣ ዴስክቶፑን በእንግሊዝኛ ተዉት እላለሁ፤ በስልክ የሚረዳችሁ ሰው ሴቲንግ ሲላችሁ እናንተም ሴቲንግ የሚል ቃል ማየት አለባችሁና። ይህን ስናገር ደስ ብሎኝ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አፋን ኦሮሞንና አማርኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ መምህራን አሉ። ትርጉሙ ማንም ሊሠራው የሚችል፣ በነፃ የሚከፈት ፋይል ነው፤ በግራ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር፣ በቀኝ ባዶ ቦታ። ፎልደርን ዶሴ እንበለው? በአፋን ኦሮሞስ ምን ይባላል? ይህን የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባም አሜሪካም ላይ ከሚገኘው ይልቅ እዚህ፣ በሁለቱም ቋንቋ ገበያ ወጥቶ በሁለቱም ከሚከራከረው ሰው መካከል ይገኛል። በሳምንት ሃያ ቃል የሚተረጉሙ ሦስት መምህራን ካገኘሁ መንገዱን አሳያቸዋለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ብትቀሩልኝ።

አሁን በቃሌ የምለውን ጨርሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ላፕቶፖች አሉ፤ የመጀመሪያው ኖም፣ ሁለተኛው ሲናሞን፣ ሦስተኛውና አሮጌው ኤክስኤፍሲኢ ለብሷል። ሦስቱም ላይ ሁለቱ ፊደላት ተዘጋጅተዋል። የምትመጡት ከሚሴ ብላችሁ በፊደል ጻፉ፤ ቀይሩና ስማችሁን በቁቤ ጻፉ፤ ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡና እንደገና ጻፉ። መብራት ሳይጠፋ እንጀምር። ቀድሞ የሚነሣው ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ወንበሩን አዘጋጅቼለታለሁ።